በግምገማ አዳራሹ ስለተነሳው ሳል

ለተከበሩ የፊልም ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሳልዎ እንዴት ሆነልዎ? ፊልሜን ሊገመግሙ በተቀመጡበት ዕለት፣ ገና የመጀመሪያው ትዕይንት ሳያልቅ የጀመረዎት ሳል እስከ መጨረሻው አልለቅ ብሎዎት፣ መሐረብዎን አፍዎ ላይ ይዘው ትከሻዎ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ወንበር ሆኜ ሳይዎ አንጀቴን በልተውታል። ሳሉ ከእርስዎ በቀኝዎ ወደተቀመጡት ምክትልዎ፣ ከእሳቸው ወደ ጸሐፊዋ፣ ከጸሐፊዋም እስከ በሩ ድረስ ወዳሉት አባላት ተዛምቶ ኮሚቴው በአንድ አፍ ሲያስል መስማቴ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ነስቶኛል። እግዚአብሔር ለእርስዎም ለባልደረቦችዎም ሙሉ ጤና ይስጥልኝ።

በመቀጠል፣ «ፊልሙ ተመልካችን የማሳቅ አቅም የሌለው በመሆኑ በኮሜዲነት ለሕዝብ እንዳይታይ» ስለወሰኑልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ዕድሜውን ኮሜዲ ፊልም ሲሠራ ለኖረ ዳይሬክተር እንዲህ ያለ ውሳኔ ትልቅ ትምህርት ነው። ነፍሱን ይማረውና አባቴም «ልጅህ ምን ይሠራል ሲሉኝ ሰው ያስቃል ብዬ ልመልስ?» እያለ እስኪሞት አፍሮብኝ ነበርና፣ ዛሬ እርስዎ እንደማላስቅ በማኅተም ስላረጋገጡለት ባለበት ሆኖ ሳያርፍ አይቀርም።

ሥራዬን ከየት እንደተማርኩት እንዲያውቁልኝ ጥቂት ልናገር። በመጀመሪያው ፊልሜ ሰው ሁሉ ይወድቅ ነበር፤ ከደረጃ ይወድቃል፣ ከብስክሌት ይወድቃል፣ ከጣሪያ ይወድቃል፤ ፊልሙም አብሯቸው ወደቀ። ያን ጊዜ ከጎኔ ያልጠፋው በመድረክ ያረጀው ተዋናይ ጋሽ ብርድልብስ ብቻ ነበር። ይህን ስም ያወጣለት ሕዝቡ ነው፤ አንድ ቴአትር ላይ ልብሱ ቢጠፋበት ብርድልብስ ተከናንቦ ገብቶ እስከ መጋረጃው መዝጊያ ንጉሥ ሆኖ ስለተጫወተ ነው። እሱም፣ መውደቅማ ማንም ይወድቃል፣ የሚያስቀው የወደቀው ሰው ተነስቶ ማንም እንዳላየው ሆኖ ሱሪውን ሲያራግፍ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ በፊልሞቼ ሁሉ፣ ሰው ሲዋረድ ካሜራዬን ወደ ፊቱ አላስጠጋም፤ ወደኋላ እርቅለታለሁ፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ሲጨንቀው እንዲታይ። እነሆ ኮሜዲ ብዬ የማምነው ይኼንን ነው፤ ካጠፋሁ እታረማለሁ።

አሁን በትሕትና ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

1ኛ. ኮሚቴው «በፊልሙ ውስጥ ያለው ወንበር የማን እንደሆነ ይገለጽ» ብሏል። ፊልሙን በሳል ምክንያት በደንብ ላልተከታተሉት፣ ታሪኩ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስለማይገባ በየጠዋቱ ባዶ ወንበሩን ሲወለውል ስለሚውል አንድ ተላላኪ ነው። ባለጉዳዮች መጠበቁ ሲሰለቻቸው አቤቱታቸውን ለወንበሩ መንገር ይጀምራሉ፤ ወንበሩም አይቆጣ፣ አያመናጭቅ፣ ነገ ተመለሱ አይል፤ ሕዝቡ ደስ ብሎት ይሄዳል። በመጨረሻም ወንበሩ ይሾማል፤ ተላላኪውም ተሸክሞት ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል። ለጥያቄው መልስ፦ ወንበሩ የአማቴ ነው። ቀረጻው ካለቀ ወዲህም «ወንበሬስ?» እያሉ መቀመጫ አሳጥተውኛል። ሌላ ወንበር የመሰለው ሰው ካለ በራሱ ጊዜ ነው የመሰለው።

2ኛ. «ተዋናዩ ያለ ምክንያት ዝም ብሎ የሚቆምባቸው ባዶ ቦታዎች ተቆርጠው ይውጡ» ተብሏል። ክቡር ሆይ፣ ዝም አይነቅዝም የሚባለው ለኮሜዲም ይሠራል። እነዚያን ባዶ ቦታዎች የተውናቸው ተመልካቹ እንዲስቅባቸው ነው። ሰው እየሳቀ የሚቀጥለውን ንግግር ስለማይሰማ፣ ተላላኪውን የሚጫወተው ጋሽ ብርድልብስ ከእያንዳንዱ ቀልድ በኋላ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊቱ እንዳለ ያህል ቆሞ ይጠብቃል፤ ምን ያህል እንደሚጠበቅ ደግሞ እኔ አላስተማርኩትም፣ ከመድረክ ይዞት የመጣው ነው። ያንን ባዶ ቦታ ቁረጥ ማለት ለእንግዳ የተዘጋጀን ወንበር ማንም አልተቀመጠበትም ብሎ ከቤት እንደማውጣት ነው።

3ኛ. ይህ ቅሬታ እንኳ አይደለም፤ አውግቼዎ ይቅለለኝ ብዬ ነው። በዚያ ዕለት ጋሽ ብርድልብስ በሴት ልጁ ትከሻ ተደግፎ መጥቶ ነበር። ከዳይሬክተሩ በቀር መግባት ክልክል ነው ስለተባለ ከአዳራሹ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሳንባው ከታመመ ቆይቷል፤ እውነተኛው ሳል ያለው እሱ ዘንድ ነው። ድምፁ ገብቶ እንዳይረብሻችሁ የአንገት ልብሱን አፉ ውስጥ ወትፎ ሲታገል እንደነበር የነገረችኝ ልጁ ናት። ግምገማው ሲያልቅ ወጣሁና፣ ማንም አልሳቀም፣ ጉንፋን ይዟቸው ሲያስሉ ነው የቆዩት አልኩት። ፊቱ በራ። ሳልንማ እኔን ጠይቀኝ አለኝ፤ የታመመ ሰው የሚያስለው ሲመጣበት ነው፣ እነዚህ ግን ያሳሉት እኔ ዝም ባልኩባቸው ቦታዎች ብቻ ነው፣ አንዱንም አልሳቱ። ቀጥሎም፣ ከአንገት በላይ ሳቅ ስንቱን አይቻለሁ፣ ከአንገት በላይ ሳል ግን ዛሬ ገና ሰማሁ ብሎ ሳቀ፤ ሳቁም ወዲያው ወደ እውነተኛው ሳል ተለወጠበትና ተሸክመን ወሰድነው።

ከዚያ ወዲህ ከሐኪም ቤት አልወጣም። ልጠይቀው በገባሁ ቁጥር ፊልሙ የሚታይበት አዳራሽ ተገኘ ወይ ይለኛል፤ እኔም ሊፈረም ነው፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው እያልኩ እዋሸዋለሁ። ገንዘብም ዝናም አልጠየቀም፤ የሰውን ሳቅ አንድ ጊዜ ያለ መሐረብ ልስማው ነው የሚለው።

4ኛ. አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ። ይህን ስጽፍ ልጁ ደውላ፣ ሐኪሙ ዘመዶቹን ጥሩ ብሏል ስትለኝ ጠፋብኝ።

ክቡር ሆይ፣ ጨዋነቴ እዚህ ላይ አለቀብኝና እለምንዎታለሁ። በኮሜዲነት ካልሆነ በአሳዛኝነት ይፍቀዱት፤ እሱም ካልሆነ ስለ ጉንፋን መከላከያ የተሠራ ትምህርታዊ ፊልም ነው ይበሉት፣ ስሙን እርስዎ ያውጡለት፣ ፖስተሩን እኔ እለውጣለሁ። የወንበሩን ነገር ከፈለጉ በርጩማ ነው እላለሁ። ከሐኪም ቤቱ ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ አዳራሽ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይፍቀዱልኝ፤ እሱን በተሽከርካሪ ወንበር አሻግሬ ከኋላ አስቀምጠዋለሁ። ባዶ ቦታዎቹን ግን አልቆርጥም። በመጨረሻው ትዕይንት ተላላኪው ወንበሩን ላይኛው ፎቅ አድርሶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ሲል የሚመጣውን ረጅም ዝምታ የለካው ጋሽ ብርድልብስ በገዛ ትንፋሹ ነው፤ ያን ያህል ትንፋሽ ዛሬ የለውም። እርስዎም እዚያ ላይ ሲደርሱ መሐረቡ አልበቃዎት ብሎ ፊትዎን ወደ ግድግዳው ማዞርዎን አይቻለሁ።

በአክብሮት ብዛት ወገቡ የጎበጠ፣ በእርስዎ ውሳኔ ከአሳቂነት የተሰናበተ፣ የፊርማዎን ጫፍ እንደ ዝናብ የሚጠባበቅ ታዛዥዎ፣

የ«ወንበር ጠባቂው» ፊልም ዳይሬክተር

ይህን ሳልጨምር ግን ደብዳቤውን ማጠፍ አልቻልኩም፦ ጋሽ ብርድልብስ፣ ሁለተኛዋ ሳል ላይ ትንሽ ቸኩለዋል፣ የቀረው ግን ግሩም ነበር በልልኝ ብሎዎታል። እኔ ደግሞ የምለው፣ ፊርማዎ ሳይደርስለት ከቀረ ቀብሩ ላይ እንዲገኙልን ነው። ከፊት ቦታ ይያዝልዎታል። ከአፈሩ በፊት ለአንድ አፍታ ሁላችንም ዝም እንላለን፤ እሷ የመጨረሻዋ ባዶ ቦታው ናት። አደራዎን፣ መሐረብዎን ቤት ትተው ይምጡ።