የተቀባው ጣሪያ

ሰኞ፣ ማርች 3
የጠዋት ፈረቃ። ድሩ ሁለቴ ተበጠሰብኝ። ምሳ የቦሎቄ ሾርባ፣ ጨው የሚባል ያልነካው።

ያና ከማሽኗ ማዶ ሆና ባሏን ስታማልኝ ዋለች። በከንፈሯ ነው እንጂ፣ ሠላሳ ስድስት ማሽን ባንዴ ሲንኳኳ ማን ማንን ይሰማል? እዚህ አዳራሽ ፊት ለፊት ዞረን ከንፈር እያነበብን ነው የምናወራው። ሽመና ፋብሪካው ከገባሁ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቴ። ዳይሬክተሩን አጠገቡ ቆመን ስንሰድበው ፈገግ ብሎ ያልፋል።

ልጄ ዶንካ ከኔ ቀጥሎ ያለው ማሽን ላይ ከተመደበች ሁለት ወሯ። ዛሬ ወደ ቤት ስንሄድ "እማዬ፣ ጆሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ይጮህብኛል" አለችኝ። የኔም እንዲሁ ነበር የጀመረው።

ድምፁ ይቀነስልን ብዬ ሰባት ዓመት ማመልከቻ ጻፍኩ። ባለፈው ጓድ ኩንቼቭ ቢሮው ጠርቶኝ "ስታንካ፣ ሸማኔ አይደለሽ እንዴ? ትለምጂዋለሽ" አለኝ። ዳይሬክተር ተብሎ... ጆሮው ይደፈን! የኔስ የኔ ነው። የልጄን ግን አላስነካም።

ረቡዕ፣ ማርች 12
ከዋና ከተማው ከሶፊያ ባለሙያዎች የድምፅ መለኪያ ይዘው መጥተው ነበር። ለኩ፣ ተያዩ፣ ጻፉ። ጣሪያው ላይ ድምፅ የሚውጥ ሰሌዳ እንዲሰቀል ተፈቀደ! ሰባት ዓመት ሙሉ...

ሰኞ፣ ማርች 24
ማሽኖቹ ቆመዋል። ሃራላምፒ የሚባል ሽማግሌ ቴክኒሻን ሰሌዳዎቹን እየሰቀለ ነው። ግራጫ ናቸው፣ ውስጣቸው ጥጥ የሚመስል ነገር። ለኔ አያምሩም... ለጆሮ እንጂ ለዓይን ማን ጠየቀ?

መሰላል ያዝኩለት። ወርዶ ፊቴ ቆመና ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ድምፁን የሚውጡት እነዚያ ደቃቅ ቀዳዳዎች ናቸው። "ብሩሽ እንዳይነካቸው። በዘይት ቀለም ከደፈናችኋቸው ጣውላ ሰቀላችሁ ማለት ነው" አለ። ለዳይሬክተሩ ሲነግረው ሰውየው ሰዓቱን ያይ ነበር። "ይህን አደራ አንቺ ያዢልኝ" አለኝ። እሺ አልኩት።

ሐሙስ፣ ማርች 27
ማሽኖቹ ተነሱ። ጩኸቱ ወርዷል አሉ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተቃቀፉ። ዶንካ አለቀሰች።

እኔ ግን... ምን ሆኜ ነው? ማንም ወደኔ አይዞርም። ሥራቸው ላይ አቀርቅረው ነው የሚያወሩት። ጀርባ ብቻ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 4
ሁላችንም የማንሰማ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔ ብቻ ነኝ።

ምሳ ላይ ያና የሆነ ነገር ተናገረች። ሌላ ጊዜ ሲያወሩ ይስቃሉና እኔም ሳቅሁ። ለካ የወንድሟን ካንሰር ነው የምትነግራቸው። ያና ዞራ በከንፈሯ ብቻ "ደንቆሮ" አለችኝ።

ይቺንማ አነበብኳት።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 11
ዶንካ ማርች ሲገባ ለጤና የምናስረውን ቀይና ነጭ ክር ከእጇ ፈትታ፣ እንደ ልማዳችን ያበበው ፕለም ዛፍ ላይ አሰረችው። ከዚያ አቅፋኝ ጆሮዋን እያሳየች "ጩኸቱ ጠፋልኝ እኮ እማዬ፣ አንቺ ነሽ ያዳንሽኝ" አለች።

ደስ ብሎኛል። ብሎኛል?

ምሳዬን ብቻዬን ነው የምበላው። ሳምንት ሆነኝ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22
ለሜይ ዴይ እንግዶች ይመጣሉ። ጓድ ኩንቼቭ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና "ጆንያ የሰቀልን ነው የሚመስለው፣ ነጭ ይቀባ" አለ። ቀቢዎቹ የዘይት ቀለም ይዘው ቆመዋል። ድንገት ወደኔ ዞረ።

"ስታንካ፣ የለፋሽበት አንቺ ነሽ። ነጭ አያምርበትም?"

አፉን ጥርት አድርጌ አየሁት። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ዶንካ ማሽኗን እያጸዳች ነበር፤ ያና ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

"ያምርበታል" አልኩ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 28
ጣሪያው ከተቀባ ወዲህ ጩኸቱ እንዳለ ተመለሰ። ሴቶቹ ጣሪያውን እያዩ ይራገማሉ። ሰሌዳው ቶሎ አረጀ ይላሉ፤ ሃራላምፒን ሌባ አደረጉት። ምስኪን...

ያና ዞረች። ሙሉ ፊቷን ሰጠችኝ። "ይቅር በይኝ፣ ያን ቀን ተናድጄ ነው" አለችኝ በከንፈሯ። ከዚያ ስለ ወንድሟ ነገረችኝ፤ አንድ ቃል አላመለጠኝም። ምሳ አብረን በላን። እንደዚህ ሾርባ ጣፍጦኝ አያውቅም።

አውቅ ነበር። እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው።

ሰኞ፣ ሜይ 5
እንግዶቹ ነጩን ጣሪያ አድንቀው ሄዱ። ጓድ ኩንቼቭ ጨበጠኝ።

የጠዋት ፈረቃ። ዶንካ ማሽኗን ትታ ፊቴ መጥታ ቆመች። ጆሮዋን በመዳፏ ይዛለች። ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቢሆንም አነበብኩት።

"እማዬ፣ ተመለሰብኝ። ምን ላድርግ?"

ክሩ እንዳይበጠስ ዓይኔን ማሽኑ ላይ አደረግሁ። ከዚያ ቀና አልኩና ነገርኳት።

"ትለምጂዋለሽ።"