አግራቬት የሚለው ቃልና ሙሉ ማርኬ

ኦክላንድ፣ የካቲት 1988 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለመነን፣ ከነእናትሽ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ አጎትሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወይፈን መስያለሁ።

የእንግሊዝኛ መምህራችን «አግራቬት» በሚለው ቃል ዓረፍተ ነገር ሥሩ አለችን። ማባባስ ማለት ነው፤ ማናደድም ይሆናል። እኔም ጻፍኩ፦ «ደረጃው ደረቴን አግራቬት ያደርገዋል። ብርዱ ደረቴን አግራቬት ያደርገዋል። ሳቅ እንኳ ደረቴን አግራቬት ያደርገዋል።»

«ሚስተር ገዛኸኝ፣ ሁሉም ስለ ደረትህ ነው፤ ዶክተር ጋ ሄደሃል?» አለችኝ።

«አንቺም አግራቬት አታድርጊኝ!» ስላት ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ብቻ ቀስ ብዬ ሳቅኩ። ሙሉ ማርክ ሰጠችኝና ከሥሩ የክሊኒክ ስልክ ጻፈችበት።

ወረቀቱን ልኬልሻለሁ፤ አንቺ ኮሌጅ ገብተሽም እንዲህ ያለ ማርክ አላመጣሽም። ደብዳቤውን ለእናትሽ ስታነቢላት ግን ከወይፈኑ በቀጥታ ወደ ስንብቱ ዝለዪ።

ሁላችሁንም በየስማችሁ ስሜያችኋለሁ።

አጎትሽ ገዛኸኝ