አያትሽ እስክትሰማ

ውድ ልጄ ኑሃሚን፣

መርዶሽን የሰማሁት ቅዳሜ በማለዳ ነው። እዚህ በሰው አገር፣ ፓይን ሌክ ያለው ቤታችን በሩ ሲንኳኳ አንቺ መስለሽኝ ሮጬ ከፈትሁ። ቄሱና የአክስትሽ ልጅ ሽፈራው፣ ከኋላቸው የዕድራችን ሴቶች ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። "አበዛሽ፣ እስቲ ተቀመጪ" አሉኝ ቄሱ።

ሀይዌይ ላይ የተገጨሽው ግን ሐሙስ ማታ ነበር። የምትነጂው መኪና በሽፈራው ስም ስለሆነ ፖሊስ የደወለው ለእሱ ነው። "ቻርጅ ጨርሻለሁ" ብሎ ስልኬን የወሰደብኝ ለካ እንዳልሰማ ኖሯል። ዓርብ ዳውንታውን ፓርኪንግ ስሠራ ዋልሁ፤ ማታ ትመጫለሽ ብዬ ምስር ወጥ ሠራሁልሽ። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ድስት አማስላለሁ።

ያን ጊዜ ያ ሠዓሊሽ ትዝ አለኝ። ኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ደብዳቤዎቹን ታይፕ የምታደርጊለት፣ ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ከከተማ ከተማ እየዞረ የሰው መልክ ሲሥል የኖረው። ለእናቱ የጻፈውን መኪና ውስጥ እየተረጎምሽ ታነቢልኝ ነበር። "ዛሬ የዳኛውን ሚስት ሣልሁ፤ የእኔን አፍንጫ አሳንሰው፣ የባሌን እንዳለ ተወው ትለኛለች" ስትይኝ ስንስቅ ከሀይዌዩ መውጫችንን አለፍነው።

አንድ ቀን ግን እያለቀስሽ መጣሽ። እናቱ ሞታ፣ እህቱ "ታሟል፣ አይችለውም" ብላ ደብቃዋለች። እሱ ወራት ሙሉ "ውድ እናቴ" እያለ ይጽፋል።

"አስባለት ነው" አልሁሽ።

"ኖ፣ እማዬ! ሁሉም እያወቀ እሱ ብቻውን ቀልድ ይጽፍላታል። ፌር አይደለም።"

"አገራችንም ቢሆን እንዲሁ ነው።"

"እናንተማ የሞተውን ሰውዬ ራሱን እንኳ መሞቱን የምትደብቁት ነው የሚመስለኝ!"

ሳቅሁብሽ።

ልክ እንደነበርሽ ባውቅም እኔም ደበቅሁ። ደብረ ብርሃን ላለችው አያትሽ ማንም እንዳይነግራት አልሁ፤ ልቧ ደካማ ነው። እሑድ እሑድ ትደውላለች።

"ኑሃሚን ምነው ድምፅዋ ጠፋ?"

"ፈተና ላይ ናት፣ እማ።"

"እኔን ትርሳኝ ግድ የለም፣ ብቻ እህል ትቅመስ።"

ባለፈው እሑድ ለምርቃትሽ የሀበሻ ቀሚስ እያሠራችልሽ እንደሆነ ነገረችኝ። ቁመትሽን ጠየቀችኝ። ከትከሻዬ በላይ ናት ልላት ጀመርሁና ተውሁት። መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ዘጋሁት።

ደክሞኛል፣ ልጄ። ማልቀሱ ሳይሆን መዋሸቱ አደከመኝ። ለወንድሜ ለሳህሌ ደወልሁና "ጎረቤት ሰብስብና ንገራት፤ እኔም ስልኩ ላይ እሆናለሁ" አልሁት።

"ብትሞትብንስ?" አለኝ።

"እኔ እንጃ። ግን ያንን ቀሚስ እያሰፋች አላኖራትም።"

ሲነግሯት ጩኸቷን በስልኩ ሰማሁት። ሴቶቹ ሲይዟት፣ ሳህሌ ውሃ ውሃ ሲል ይሰማኛል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስልኩን አስጠጉላት።

"አበዛሽ" አለች ድምፅዋ ተዘግቶ፣ "ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን አለቀስሽ? እናት እንደሌለሽ?"

 ስልኩን ሳንዘጋ አብረን አለቀስንልሽ። ከሞትሽ ወዲህ እንቅልፍ የወሰደኝ ያን ቀን ነው።

ይህን ደብዳቤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች በመጽሔታቸው እንዲያወጡት ሰጥቻቸዋለሁ። እናንተ የምታነቡት፣ ልጄን አታውቋትም፤ ቢሆንም ስትጸልዩ ስሟን አንድ ጊዜ ጥሩልኝ። የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ነው። ብቻዬን አታድርጉኝ።

እናትሽ አበዛሽ