ጽዋውን ልመልስ ብዬ

እማዬ፣ የኔ ዓለም፣

አፈር ከለበስሽ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እንደምን ሰነበትሽ አይባል ነገር፤ አንቺስ አርፈሻል፤ የደከመኝ እኔ ነኝ።

የቤቱን ልንገርሽ። በጓሮ በኩል ያለው የጭቃ ግድግዳ በዝናቡ ጎብጦ በባላ ደግፈነዋል። ላሚቱን ሸጥናት፤ አትቆጪ፣ የሚጠብቃት ጠፋ። የደባርቅ ብርድ ያው ነው። ጋቢሽን የምለብሰው እኔ ነኝ፤ በዚያ የተነሣ እህቴ እስካሁን አኩርፋኛለች።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ማኅበርሽ ነው። ተዝካርሽ በወጣ በወሩ ሴቶቹ ቦታሽን ተኪ አሉኝ። እኔ ደግሞ ወር በገባ በሃያ አንድ ዳቦና ጠላ ቀምሶ መመለስ መስሎኝ እሺ አልኩ። ለካ የማርያም ማኅበር ማለት የታመመ መጠየቅ፣ አራስ ማረስ፣ ለቅሶ ቤት ውኃ መቅዳት ኖሯል! ቢሮ ውዬ ስመለስ የሰው ድስት ይጠብቀኛል። ግማሾቹ ጎንደር ገቡ፤ የቀሩትም ጉልበታቸውን ይዘው ነው የሚነሡት። አንቺ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ቻልሽው? አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ ባለማለትሽ እቀየምሻለሁ። በመጨረሻ፣ ተራዬ ሲደርስ ጽዋውን መልሼ ቦታሽን ልለቅ ቆረጥኩ።

ይህን ቆርጬ ሳለ አንዲት አራስ መጣችብን። ፈንታነሽ ትባላለች፣ የጃናሞራ ልጅ ናት። ባሏ ለጉልበት ሥራ መተማ ወርዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በተከራየቻት ክፍል ብቻዋን ወለደች። ሴቶቹ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዘው እርዳታ አመጣንልሽ ቢሏት፣ ልመና አልወጣሁም ብላ በሩን ዘጋችባቸው። ባልንጀራሽ እትዬ ዘውዴ መጡና፣ የሷ ልጅ አይደለሽ፣ እስቲ አንቺ ሞክሪ አሉኝ።

ሄድኩ። ልመክራት አልነበረም፤ አቅሙም የለኝ። ገንፎውን ይዤ ደጇ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩና አንቺ ትዪው የነበረው ከአፌ ወጣ፤ «የማርያም ጸበል ጻዲቅ ነው።» አንቺ መቼም እርዳታ የሚል ቃል አታውቂም ነበር። ቀኑ ማርያም አልነበረም፤ እንዲሁ ማክሰኞ ነው። እሷም አወቀች። ግን ጸበል ጻዲቅ ማን ደፍሮ ይመልሳል? ነጠላዋን አስተካክላ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፤ ቀመሰችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ላንቺ መሰለኝ።

ልጇን ክርስትና ካስነሣች በኋላ የኔ ተራ ደረሰና ማኅበሩ እኛ ቤት ሆነ። እሷም መጣች። ጸሎቱ አልቆ ቄሱ ቀጣይዋ ተረኛ ማን ናት ሲሉ፣ ሁሉም አንገቱን ደፋ። የዘንድሮ የእህል ነገር አይነሣ። ይኼኔ ልናገር ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ፈንታነሽ ቀደመችኝ። ልጇን እንዳዘለች ከበሩ አጠገብ ተነሥታ፣ «የማርያምን ቀምሻለሁ። የሚመጣው እኔ ቤት ይሁን» አለች።

እፍኝ ገብስ የሌላት ሴት! ቄሱ እኔን አዩኝ፤ ጽዋው እጄ ላይ ነው። ምን ልበል እማዬ? እኔስ በቃኝ ልበል? ሰጠኋት። ተሳልማ ተቀበለችኝ።

ይኸው አሁን ብቅሏ የተሰጣው እኛ ግቢ ነው። ጌሾውን እትዬ ዘውዴ ያመጣሉ፤ ጋኑ ያንቺው ነው። ድካሙ ጭራሽ ባሰበት። ዛሬ ጠዋት ብቅሉን ሳገላብጥ ወገቤ ተያዘና እግረ መንገዴን አንቺንም አማረርኩሽ። ይቅር በይኝ።

አልረሳሽም። ብፈልግስ መች ታስረሺኛለሽ? እኔ በሕይወት እስካለሁ፣ ቄሱ የሞቱትን ሲያስቡ ያንቺን ስም ቀድሜ አስጠራለሁ። አንቺ ብቻ እዚያም አራስ አለች ሲሉሽ ብድግ እንዳትዪ። ቁጭ በይ የኔ እናት፤ ተራው የኔ ነው።

ልጅሽ