መስታወት በበሩ ሥር

ውድ ልጄ፣

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ስልክህ ይጠራል፣ አታነሣም። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፣ አንተ ግን እንዳትለምደው።

ያን አሮጌ የኮምፒውተር ጨዋታ ዛሬ ከፈትኩት። ፖሊስ ከመሆንህ በፊት አንተ ስትጫወት እኔ ከጎንህ ተቀምጬ "ቀስ! መጀመሪያ በሩን!" እያልኩ እነዘንዝህ የነበረውን። እህትህ "እማዬ በስተርጅና ኮማንዶ ሆነችላችሁ" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ተኩስ እንደማልወድ ታውቃለህ። እኔን የያዘኝ በሩ ነው። በጨዋታው የምታዛቸው አራቱ ፖሊሶች ግድግዳውን ታክከው ይሰለፋሉ፤ ካላዘዝክ ማንም አይንቀሳቀስም። ትንሿን መስታወት በበሩ ሥር አሾልከህ ውስጡን ታያለህ። ከዚያ ትጮሃለህ፦ "ፖሊስ! እጅ ወደ ላይ!" ሳትጮህ ከተኮስክ፣ የገደልከው ወንጀለኛ ቢሆን እንኳ ነጥብ ይቀነስብሃል። ሌላው ጨዋታ የገደለውን ይሸልማል፤ ይህ ግን በሕይወት ያወጣኸውን ይቆጥርልሃል። ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪ ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ስታርም የኖረች ሴት ብትወደው ምን ይገርማል?

ደግሞም የቤታችን ሕግ ነው። በዚህ ቤት ማንም ድምፁን ሳያሰማ በር አይከፍትም። አንተማ ሕፃን ሳለህ ቁም ሣጥኑንም "ልግባ?" ትለው ነበር።

ባለፈው ስትመጣ ግን አልጮህክም። በጨዋታው ውስጥ ያለው ሰውዬ እጁን ማንሣት ጀምሮ ነበር፤ ቀስ ብሎ። ተኮስክ።

"ምነው?" አልኩህ።

"ዘገየብኝ እማዬ።"

"ተቀነሰብህ እኮ!"

"እዚህ ስለሆነ ነው የሚቀነሰው" አልክና ሳቅክ። "እዚያ ማን ይቀንሳል?"

ሳቅህን አላወቅሁትም።

ከትናንት ወዲያ የእናንተ ቡድን ከገበያው ጀርባ አንድ ቤት ገብቶ ቁልፍ ሠሪውን ገደለ። የበራችንን ቁልፍ የቀየረልንን ሽማግሌ። ትከሻውን ስለሚያመው ክንዱን ከደረቱ በላይ ማንሣት አቅቶት ወንበር ላይ ወጥቶ ነበር የላይኛውን ማጠፊያ የፈታው። ወንበሩን የያዝክለት አንተ ነህ።

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ነግራኛለች። "የጮኸ ሰው አልነበረም እትዬ። አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን፤ ሳሉን እንኳ እሰማው ነበር። የሰማሁት ተኩሱን ብቻ ነው" አለችኝ።

አንተ ነህ? ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

እዚህ ላይ መጻፌን አቋርጬ ነበር። ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ፤ በራችን ላይ ሲደርስ ቆመ። "ማነው?" አልኩ። የእጅ መስታወቴን በበሩ ሥር አሾለክሁት፤ ጉልበቴ ሲንቋቋ ሰምተህ ይሆናል። ጫማህን አየሁ፤ የግራው ማሰሪያ እንደ ልማድህ ተፈትቷል። መስታወቱ ከዚያ በላይ አያሳይም። በእጅህ ምን እንደያዝክ አላውቅም።

ቁልፉ አለህ፤ አልከፈትክም። አልተጣራህም።

ይህን ወረቀት በዚያው በኩል እሰድልሃለሁ። አንብበህ ስትጨርስ እንደ ልጅነትህ "ልግባ?" በል። እኔው እከፍትልሃለሁ። የተኮስከው አንተ ብትሆንም እከፍትልሃለሁ፤ ከዚያም አብረን ሄደን ቃልህን ስትሰጥ ከጎንህ እቀመጣለሁ። ዝም ብለህ ከገባህ ግን የሚገባውን ሰው አላውቀውም።

ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ የምትጠብቅህ
እናትህ