እጅጌው ያጠረው ጋውን፦ የቆዳ ሐኪሟ ልጃችን የሕይወት ታሪክ

ሐኪሟ ልጃችን በ1951 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከእናታቸው፣ ከስፌት ሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተወለዱ። እናታቸው በሕፃንነታቸው ስላረፉ ያሳደጓቸው የአባታቸው እህት ናቸው። ይህን የሕይወት ታሪክ ያጻፉትም እኚሁ አክስት ስለሆኑ፣ የማይጥመው ሰው ካለ ለእሳቸው ይንገር።

ትምህርታቸውን አንደኝነትን ለማንም ሳያስነኩ ጨርሰው በ1976 ዓ.ም. በሕክምና ተመረቁ። ለቀዶ ጥገና ስፔሻሊቲ ሲመረጡ አባታቸው ረጅም እጅጌ ያለው አረንጓዴ ጋውን በእጃቸው ሰፍተው ከሱቁ መስታወት ጀርባ ሰቀሉት። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ የልጃቸውን ወሬ ሳይሰማ አይወጣም ነበር።

በ1978 ዓ.ም. የሒሳብ መምህሩን ባለቤታቸውን አግብተው ወንድና ሴት ልጅ አፈሩ። ከቤት ሲወጡ ልጅ ተኝቷል፤ ሲመለሱም ተኝቷል። ትልቁ አፉን ሲፈታ «እማዬ» ያለው የእናቱን አክስት ነበር። ልጃችን ያን በሰሙ በሳምንቱ ቀዶ ጥገናውን ትተው ወደ ቆዳ ሕክምና ተዛወሩ።

የቀዶ ጥገና ክፍሉ አለቃ «ይህን የመሰለ እጅ ቅባት ሊቀባ?» አሉ። ባልደረቦቻቸው «ቅባቷ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ ፊታቸው ላይ ሽፍታ ሲወጣ ግን በጓሮ በር ይመጡ ነበር። አባታቸው ጋውኑን አውርደው፣ ጠቅልለው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ወረወሩት። ልጃቸውን «ዶክተር» ማለቱንም ተዉ። ልጃችንን ያንገበገባቸው ይህ ነው። የባዳ ስድብ በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ የአባት ዝምታ ግን መውጫ የለውም።

በ1998 ዓ.ም. አባታቸው ከወገብ በታች አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ ዋሉ። ልጃችን ከክሊኒክ በጊዜ እየወጡ ያጥቧቸው፣ ያገላብጧቸው፣ የጀርባቸውን ቁስል ያክሙላቸው ነበር። ያ «ቅባት» ያሉት የተከበሩት አለቃ ለገዛ እናታቸው ቀብር እንኳ የደረሱት ሰው ሲበተን ነው። አይፈረድባቸውም፤ ሆዱ የተከፈተ ሰው ተጥሎ አይመጣም። ያየነውን ግን አይተናል።

አንድ ቀን ጠያቂ አልጋውን ከቦ ሲያወራ አባታቸው ተቆጡ፦ «ኧረ ዞር በሉላት! ዶክተሯ ሥራ ላይ ናት!»

ሁላችንም ከአልጋው ዞር አልን። የልጃችን ነጭ ካፖርት እጅጌ ውኃ ውስጥ እየገባ ሲያስቸግራቸውም አባታቸው አይተው፣ እህታቸውን «ያን አረንጓዴውን ከነመቀሱ አምጪው» አሉ። በተኙበት የጋውኑን እጅጌ እስከ ክርን ቆርጠው ቀመቀሙት። እኚያ ሰው በዕድሜያቸው ጠማማ ስፌት የሰፉት ያን ቀን ብቻ ነው። ልጃችን ማንም እንዲያቃናው አልፈቀዱም፤ ጡረታ እስኪወጡ ክሊኒክ የለበሱት እሱን ነው።

ልጃችን በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ቀድመው መሄድ የነበረባቸውን አክስታቸውን ትተው አልፈዋል።

ጋውኑ ዛሬ ከሣጥናቸው ላይ ተነጥፏል። በጠማማው ስፌት የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ ማን እንደሰፋው ነግረነዋል። ልጃችን ከክብር ሁሉ የመረጡት በጊዜ ቤት መግባትን ነበር፤ ፈጣሪ የማያልፈውን ቤቱን ከፍቶ ይቀበላቸው። አሜን።