ያልጻፍኩት ጠንካራ ጎን

ወገዳ፣ ጥር ፲፰

ይድረስ ለማከብርሽ ባልደረባዬ፤

ከሄድሽ ወዲህ እንዴት ሰነበትሽ? የንፋስ መውጫ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እናትሽስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከያዘኝ ሳል በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ ተማሪዎቹም ከአውድማ ወደ ክፍል ተመልሰዋል።

ባልደረባችን ሙሉቀን እዚያ ገበያ ላይ አግኝቶሽ ማስተማሩን ልትተዪ፣ መልቀቂያም ልታስገቢ እንደሆነ ነገረኝ። ምክንያቱን ብጠይቀው "አንተ ታውቀዋለህ" አለኝ። አውቀዋለሁ። አምና ክፍልሽ ገብቼ የሞላሁት የምልከታ ቅጽ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ጥፋት ዘርዝሬ አስፈረምኩሽ። ፈርመሽ ሰጠሽኝና፣ ክረምት ላይ ዝውውር ጠየቅሽ።

የዚያን ቀን ያየሁትን አሁን ልንገርሽ። ተማሪሽ ክንዱ ሰሌዳ ላይ ክፍልፋይ ሲደምር ተሳሳተና ልጆቹ ሳቁበት። አንቺ ዳስተሩን አላነሳሽም። ልክ የሠራቸውን ሁለት መስመሮች በጠመኔ ከበብሽና "እስከዚህ ድረስ ልክ ነህ፤ ከዚህ ወዲያ የት እንደሳትክ አንተው ፈልገው" አልሽው። ከዚያ ዝም ብለሽ ጠበቅሽ። ልጁም አገኘው። እኔ ጉደኛው ደግሞ "ጊዜ ታባክናለች" ብዬ ጻፍኩ።

ዘንድሮ ክፍልሽን ለእኔ ሰጡኝ። መስከረም ላይ ሐረገ ወይን የምትባል ተማሪ ሰሌዳ ላይ ብትሳሳት፣ ጠራርጌ ራሴ ሠራሁላት። ተመልሳ ከተቀመጠች በኋላ ቀስ ብላ፣ "የበፊቷ ቲቸር ስህተታችንን አታጠፋብንም ነበር፤ እንድናየው ትተወው ነበር" አለችኝ። መግቢያ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ባንቺ መንገድ ነው የማስተምረው። ዝም ብሎ መጠበቅ ግን እንዴት ከባድ ነው! ምላሴን ይበላኛል። ያን ሁሉ ትዕግሥት ከየት አመጣሽው? ሐረገ ወይን እንኳ ሰሞኑን ሳልጠራት ተነስታ ሰሌዳ ላይ ወጣች።

ጉድለት የለሽም አልልም። ስትጽፊ ፊትሽን ወደ ሰሌዳው አዙረሽ ስለምታወሪ ድምፅሽ የኋላ ወንበር አይደርስም። እሱን አስተካክዪ። ሌላውን ግን አደራ፣ እንዳትነኪው።

ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገብቼ ያምናው ግምገማዬ ፍርደ ገምድል እንደነበር ነገርኳቸው። አዲስ ጻፍኩ፤ ማኅተም አርፎበት ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። መልቀቂያውን ከማስገባትሽ በፊት እባክሽ አንብቢው። እሳቸው አነበቡትና፣ ይህን ሁሉ እያየህ ያኔ ቅጹ ላይ ጠንካራ ጎን የሚለውን ቦታ ለምን ባዶ ተውከው ብለው ጠየቁኝ። ረስቼው ነው አልኳቸው።

ላንቺ ግን ረስቼው ነው ብዬ አልዋሽም፤ ቀንቼብሽ ነው።

እመቤታችን ትጠብቅሽ፤ የተማሪ በረከት አይለይሽ። እናትሽን ጉልበታቸውን ስመሽ ሰላም በዪልኝ።

አስቸጋሪው ባልደረባሽ